ጥያቄ የለም፣ እጅ ብቻ

በጋምቤላ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ጣቢያዎች ትምህርት የሚቋረጠው በሁለት ነገር ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም፤ በጎርፍና በካሜራ። ጎርፉ ክረምትን ጠብቆ ይመጣል። ሲብስበትም እ.ኤ.አ. በ2014 ሌችዎር ጣቢያ ላይ እንዳደረገው ሰፈሩን ውጦ የተሰደደውን ሰው ዳግም ያሰድዳል። ካሜራው የሚመጣው ደግሞ መንገዱ ሲደርቅ ነው። ሁለቱ ተነጋግረው ዓመቱን የተካፈሉት ይመስላሉ።

ካሜራው የራሱ ባሕረ ሐሳብ አለው። ጥቅምት 1 የዓለም የሴት ልጆች ቀን ይውላል። ኅዳር 16 የፀረ ጥቃት 16ቱ ቀናት ይገባሉ። ጥር 16 የትምህርት ቀን ነው፤ የካቲት 29 ማርች ኤይት፤ ሰኔ 13 የስደተኞች ቀን። በዘመነ ዮሐንስ አንዳንዶቹ አንድ ቀን ወደኋላ ይንሸራተታሉ እንጂ የማይንቀሳቀሱ በዓላት ናቸው። ተንቀሳቃሹ በዓል የዶነር ጉብኝት ይባላል፤ መቼ እንደሚውል ቀምሮ የሚናገር ሊቅ እስካሁን አልተገኘም። የሚታወቀው በዋዜማው ማታ፣ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ተደውሎለት «ነገ ልጆቹ ዩኒፎርማቸውን አጥበው ይምጡ» ሲባል ነው። በአንድ ሌሊት እንዴት ታጥቦ እንዴት እንደሚደርቅ የሚጠይቅ የለም።

ከእንዲህ ያለው በዓል አንዱን ጠዋት ላሳያችሁ። ቦታው ለጋምቤላ ከተማ ቀረብ ካሉት ጣቢያዎች በአንዱ ነው። ቀረብ ያሉት በጣም ይነሳሉ፤ ከጀዊ ተነስቶ ምሳን ከተማ ደርሶ መብላት ይቻላልና። ራቅ ያለው ፑኝዶ ያለች ልጅ ፖስተር ላይ ለመውጣት ከሌሎቹ ይልቅ መታደል ይኖርባታል።

የስምንተኛ ክፍል መምህር ሰሌዳው ላይ ክፍልፋይ እያስተማረ ነው። ነጫጭ ላንድክሩዘሮች አቧራ አስነስተው ይገባሉ። ትንንሾቹ «ካዋጃ! ካዋጃ!» እያሉ ይሮጣሉ፣ ፈረንጅ መጣ ማለታቸው ነው፤ የሚወርደው ግን ብዙውን ጊዜ ካዋጃ ሳይሆን እንደኔው ያለ የአዲስ አበባ ሰው ነው፣ ኪሱ የማይቆጠር ሰደርያ የለበሰ። «ማሌ» ይላል። ከኑዌር ቋንቋ የሚያውቀው ይህችን ሰላምታ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ መምህሩ ዞሮ ሰሌዳውን እያሳየ፣

«ቲቸር፣ ይቅርታ፣ ይቺን ብናጠፋት ቅር ይልሃል?»

ቅር አይለውም። ቅር ለመሰኘት የሚያበቃ ደመወዝም የለው። እሱም ስደተኛ ነው፤ ለስደተኛ መምህር የሚከፈለው «ኢንሴንቲቭ» የሚሉት ነገር ደግሞ ጎኑ ቆሞ ከሚያስተምረው ኢትዮጵያዊ ባልደረባው ደመወዝ ጋር አይገናኝም። ክፍልፋዩ በዳስተር ይጠረጋል፤ በምትኩ በእንግሊዝኛ «ትምህርት የስኬት ቁልፍ ነው» ይጻፋል። እውነትም ክፍልፋይ ለካሜራ አይሆንም። ሦስት አራተኛ ለአንድ ሁለተኛ ሲካፈል አይቶ ዕንባው የሚመጣ ለጋሽ የት ይገኛል?

ቀጥሎ ወንዶቹ ይወጣሉ። ፕሮጀክቱ የሴት ልጆች ስለሆነ ወንድ ፍሬም ውስጥ አይገባም። የወጡት በመስኮት ሲያዩ ብርሃን ይጋርዳሉና ከመስኮቱም ይባረራሉ። ችግሩ ግን ስምንተኛ ክፍል ውስጥ ወንዶቹ ከወጡ ማን ይቀራል? ፊት ለፊት አንድ አግዳሚ የማይሞሉ ሴቶች፣ ከዚያ በኋላ ወንበር፣ ከዚያም ወንበር። ስለዚህ ከአምስተኛና ከስድስተኛ ክፍል ሴቶች በውሰት ይመጣሉ፣ ረጃጅሞቹ እየተመረጡ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ክፍሉ ከዳር እስከ ዳር በሴቶች ይጥለቀለቃል። ፎቶው ይነሳል፤ የሪፖርቱ ሽፋን ይሆናል። ሽፋኑን ስትገልጡ የመጀመሪያው አንቀጽ «በላይኞቹ ክፍሎች የሴት ተማሪዎች ቁጥር አሳሳቢ በሆነ ደረጃ አነስተኛ ነው» ይላል።

አንቀጹ አልዋሸም። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ስደተኛ ሴት ልጆች ባወጣው ሪፖርት በዓለም ደረጃ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ላይ ለ10 ወንዶች ሴቶቹ 8 እንደማይሞሉ፣ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሲደርሱ ደግሞ 5 እንኳ እንደማይሞሉ ጽፏል። ይህን ቁጥር በትክክል የሚያሳየው ፎቶ እንግዲህ ባዶው አግዳሚ ነው። ግን ባዶ አግዳሚ ማን ያነሳል? ልጅቱ በዚያ ሰዓት ቦኖው ዘንድ ጀሪካን አሰልፋለች፤ ወይ ወፍጮ ቤት ተራ ትጠብቃለች፤ ወይ ታናሿን አዝላለች፤ ምናልባትም ተድራለች። ያለችበት ድረስ ሄዶ ማንሳት ይቻል ነበር። እዚያ ባነር የለማ።

ቀረጻው ይጀመራል። «ልጆች፣ እጅ አውጡ!» መምህሩ ግራ ይገባዋል፤ «ምን ልጠይቃቸው?» ይላል። «ምንም። ጥያቄ የለም፣ እጅ ብቻ።» አርባ ምናምን እጅ ወደ ጣሪያው ይዘረጋል። የቆርቆሮ ክፍል ነው፣ ረፋዱ አልፏል፣ አየሩ አይተነፈስም፤ እጁ ግን እንደተዘረጋ ይቆያል፤ ምክንያቱም ካሜራማኑ ከግራ አንስቶ፣ ከቀኝ አንስቶ፣ በመጨረሻም ወለሉ ላይ በሆዱ ተኝቶ ማንሳት አለበት። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ከምሯ ልትወጣ ፈልጋ ጣቷን እያወናጨፈች ታወጣለች። «እሷ ጎበዝ ናት፣ ወደሷ ጠጋ በል» ይላል ዳይሬክት የሚያደርገው። በፊልሙ ላይ ለዕውቀት ካላት ጥማት የተነሳ ከመቀመጫዋ ልትነሳ ምንም ያልቀራት ልጅ ካያችሁ እሷ ናት።

ከዚያ «ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ» አለ። ይህ የግድ ነው፤ ያለሱ የሴት ልጆች ትምህርት ፊልም አይሠራም። ልጅቱ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ በቀጭኗ መንገድ ትገሰግሳለች፣ ፀሐይ ከኋላዋ፣ አቧራው ወርቅ መስሎ። ፀሐይዋ ከኋላዋ እንድትሆን ግን በዚያ ሰዓት መሄድ ያለባት ወደ ትምህርት ቤቱ ሳይሆን ከትምህርት ቤቱ ነው። ስለዚህ በማለዳ ወደ ትምህርት ቤት ስትጣደፍ የምናያት ልጅ፣ እንደ እውነቱ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ክፍል አቋርጣ እየወጣች ነው። ደግሞም ትመላለሳለች። አንዴ ፍየል ገባ፣ አንዴ ታናሽ ወንድሟ «የት እየሄድሽ ነው?» ብሎ ተከተላት፣ አንዴ እሷ ራሷ ካሜራውን አይታ ሳቀች። የቤት ሥራዋን ለመሥራት በቂ የነበረው ጊዜ በዚያች አምሳ ሜትር መንገድ ላይ አለቀ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ «በፊት» እና «በኋላ» የሚባለው ጥበብ ነው። ለጋሹ ሁለት ፎቶ ይፈልጋል። በመጀመሪያው ልጆቹ መሬት ላይ፣ ያለ ደብተር፣ በቁዘማ። በሁለተኛው ወንበር ላይ፣ ዓርማ ያለው ቦርሳ አንግተው፣ በፈገግታ። በሁለቱ መካከል ሦስት ዓመትና ብዙ ሚሊዮን ብር አለ፣ በወረቀቱ መሠረት። በካሜራው መሠረት ግን በመካከላቸው ያለው የሻይ ዕረፍት ብቻ ነው። የሙያው ምስጢር ደግሞ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው፤ መጀመሪያ የሚነሳው «ከፕሮጀክቱ በኋላ» ነው፣ «ከፕሮጀክቱ በፊት» ቀጥሎ ይነሳል። መሬት ላይ ከተቀመጡ በኋላ ዩኒፎርሙ ይቆሽሻላ።

ፈቃድን በተመለከተ የቀረጻው ቡድን እንከን የለበትም። ከአዲስ አበባ የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ደብዳቤ ተይዟል። የጋምቤላው ጽሕፈት ቤት መርቶበታል። የጣቢያው አስተባባሪ ፈርሞበታል። ለድሮኑ የራሱ ፈቃድ አለ፤ የካሜራው መለያ ቁጥር ሳይቀር ተመዝግቧል። ማኅተሙ ሲቆጠር ካሜራው ከልጅቱ ይልቅ ሙሉ ዜግነት ያለው ይመስላል። ልጅቱን የሚመለከተው ወረቀት መጨረሻ ላይ ይወጣል። በእንግሊዝኛ ነው፤ ምስሏን «በማናቸውም መገናኛ ብዙኃን፣ በመላው ዓለም፣ ያለ ጊዜ ገደብ» መጠቀም እንደሚቻል ያትታል። እናቷ ትጠራለች። አስተርጓሚው ይህን ሁሉ አጠር አድርጎ «ፎቶ ነው» ይላታል። እናት አውራ ጣቷን ለቀለሙ አዘጋጅታ ትጠይቃለች፤

«ለስንት ኪሎ ነው?»

ሳቅ ይሆናል። እስኪ ግን እሷ ቦታ ሁኑ። ጣቢያው ውስጥ የጣት አሻራ የሚሰጠው ለእህል ነው። አሻራህ ከተመዘገበው ከገጠመ ማሽላህን ታገኛለህ፣ ካልገጠመ አታገኝም። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ለስደተኞች የሚታደለው እህል ከሰኔ ጀምሮ ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አልረሳችም። በዚህ ዓለም ውስጥ የኖረች እናት ወረቀትና የቀለም ሰሌዳ ይዞ ለመጣ እንግዳ «አይሆንም፣ ልጄን አታንሳት» ትላለች ብሎ የሚጠብቅ ካለ፣ እሱ ራሱ ራሽን ተሰልፎ አያውቅም ማለት ነው። ፈርማለች፣ ፈቅዳለች፤ ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ይገባል፤ የቡድኑ ኅሊናም አብሮ።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በዓለም ላይ በጣም የታወቀው የስደተኛ ልጅ ፎቶ የተነሳው የት እንደሆነ ታውቃላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1984 መገባደጃ፣ ፓኪስታን ውስጥ ፔሻዋር አጠገብ ባለው ናስር ባግ የአፍጋን ስደተኞች ጣቢያ፣ ድንኳን ውስጥ በተከፈተ የሴቶች ትምህርት ቤት። አንሺው ስቲቭ ማኬሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1985 ናሽናል ጂኦግራፊክ ሽፋን ላይ አወጣት፤ አረንጓዴ ዓይኗን ዓለም ሁሉ አወቀው። ስሟን ግን የጠየቃት አልነበረም። ሻርባት ጉላ መባሏ የታወቀው ከ17 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ተፈልጋ ስትገኝ ነው፤ ፎቶዋንም ያየችው ያን ጊዜ ነው፤ የማታውቀው ሰው ሲያነሳት ተቆጥታ እንደነበርም አልረሳችም። ተምራ ምን ሆነች የሚል ካለ፣ አልተማረችም፤ ገና በልጅነቷ ተዳረች። እ.ኤ.አ. በ2016 የፓኪስታን ፖሊስ ሲያስራት ክሱ ምን መሰላችሁ? ትክክለኛ ያልሆነ መታወቂያ ይዛ መገኘቷ። መልኳን የማያውቅ በሌለበት ዓለም ማንነቷን ማረጋገጥ አቅቷት ታሰረች።

ወደ ጋምቤላ ልመለስ፤ ቃለ መጠይቁ ደርሷል። ልጅቱ ከክፍሉ ውጭ ዛፍ ሥር ትቀመጣለች፤ ደረቷ ላይ ማይክ ይሰካል፣ ፊቷ ላይ በሪፍሌክተር ብርሃን ይጣላል። እነዚህ ልጆች የካሜራ ልምዳቸው ከብዙ የመንግሥት ኃላፊዎቻችን ይበልጣል። «ስታድጊ ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?» ሲባሉ መጀመሪያ የሚያዩት የጠያቂውን ሰደርያ ነው። ሰደርያው ላይ የጤና ድርጅት ዓርማ ካለ፣ ነርስ። የውሃ ከሆነ፣ ኢንጂነር። የትምህርት ከሆነ፣ መምህርት። ዓርማው ካልታወቀ ዶክተር ይባላል፤ ዶክተር ለሁሉም ይሆናል። ይህን ያስተማራቸው የለም፤ ከተሞክሮ ነው። ፈተናው በዚህ መልክ ቢሰጥ ኖሮ ሁሉም ያልፉ ነበር።

አንዳንዴ ግን ያልሠለጠነች ታጋጥማለች።

«የኔ ቆንጆ፣ ስታድጊ ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?»

«ሱቅ።»

«ሱቅ... እሺ፣ ጥሩ ነው። ከሱቅ ሌላስ?»

ልጅቱ አሰብ አደረገች። «ትልቅ ሱቅ።»

«ማለቴ... ተምረሽ፣ ወገንሽን ለመርዳት?»

«ሳሙና፣ ካርድ፣ ዘይት እሸጣለሁ። ለሰፈሩ።»

ካሜራው እየሄደ ነው፤ ባትሪ እያለቀ ነው። ከኋላ የቆመች ጓደኛዋ በኑዌርኛ የሆነ ነገር ሹክ አለቻት። አስተርጓሚውን በኋላ ስጠይቀው «ዶክተር በያቸውና ይሂዱ» ማለቷ ነበር። ዶክተር አለቻቸው። ሄዱ። እኔ ግን እስካሁን የምቆጨው ለሱቁ ነው። ሳሙናው፣ ካርዱ፣ ዘይቱ ተቆጥሮ ያለቀ፣ ገበያ የተጠናለት ዕቅድ ነበር፤ እንዲያ ያለ ዝርዝር በብዙ ፕሮፖዛል ውስጥም አይገኝም።

ስለ አስተርጓሚው ካነሳን፣ ጥያቄው ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ኑዌርኛ ይወርዳል፤ መልሱ በዚያው ደረጃ ይወጣል። ሲወጣ ይፋፋል። ልጅቱ «ጠዋት ውሃ እቀዳለሁ፣ ከዚያ እመጣለሁ» ትላለች፤ አማርኛው ላይ «ችግር ቢኖርም ትምህርቴን አላቋረጥኩም» ይሆናል፤ ፊልሙ ግርጌ ላይ ሲወጣ «ይህ ፕሮጀክት ተስፋ ሰጠኝ» ሆኗል። በየእርከኑ ያለው ሰው ግን አልዋሸም። እያንዳንዱ ለበላዩ የሚጥመውን ጥቂት ጥቂት ጨመረ እንጂ።

ሞዴስ የሚታደልበትን ቀን ባልፈው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ካላልኩት አይወጣልኝም። ዓላማው የተቀደሰ ነው፤ ሴት ልጅ በወር አበባዋ ምክንያት ከትምህርት እንዳትቀር፣ እንዳታፍርም። ታዲያ እንዳታፍር የተደረገው ምንድን ነው? ሠላሳ ልጃገረዶች በሰልፍ ይቆማሉ፤ ሱፍ የለበሰ፣ አባታቸውን የሚያክል ኃላፊ እያንዳንዷን እየጨበጠ ሞዴሱን ያስረክባታል፤ ወንድሞቻቸው ከአጥር ማዶ ያያሉ፤ ካሜራማኑም «ከፍ አድርጉት! ዓርማው ወደዚህ!» ይላል። እዚያው ከፍ አድርገው ይዘው ይነሳሉ። አንዷ ፊቷን በሞዴሱ ሸፈነች። «ፊትሽን፣ ማሚዬ፣ ፊትሽን!» ተባለች።

ይህን ሁሉ የፈረንጅ አመል ነው ብሎ ማለፍ ደስ ባለ። ነገር ግን እኛ እነማን ነን? ኮረምን የምናስታውስ ነን። እ.ኤ.አ. በ1984 ካሜራማኑ መሐመድ አሚን እዚያ የቀረጸው የረሃብ ምስል በቢቢሲ ከወጣ ጀምሮ አርባ ዓመት ሙሉ «የረሃብ ፎቶ አደረጉን» እያልን ስናማርር የኖርን። ብርሃን ወልዱን፣ በዚያ ዘመን ልትሞት ስታጣጥር የተቀረጸችውን ሕፃን፣ ሃያ ዓመት አልፎ እ.ኤ.አ. በ2005 ለንደን መድረክ ላይ ከማዶና ጎን ቆማ ስናያት የኮራንም ያዘንም እኛው ነን። ታዲያ ዛሬ ሌንሱ በእጃችን ገባ፤ ምን አደረግንበት? የአዲስ አበባ የሰርግ ካሜራማን ሙሽሪትን ከመኪናው ደጋግሞ እንደሚያስወርዳት ሁሉ፣ ስደተኛዋን ልጅ ከጎጆዋ ደጋግመን እናስወጣታለን፣ «አሁን ደግሞ ቀስ ብለሽ» እያልን። ሙሽሪት ግን ከፍላ ነው፤ አልበሙም ቤቷ ይገባል። ከውጭ አገር ሻንጣ ሙሉ ደብተር ይዞ የሚመጣው ወገናችንም አለ። ደብተሩን የሚሰጠው በሁለት እጁ አይደለም፤ በአንደኛው እጅ ሰልፊ እየተነሳ ነው። ስጦታው ከእጅ ወደ እጅ ሳይሸጋገር መሃል ላይ ለአፍታ ይቆማል፣ ፎቶው እስኪወጣ። ልጁም ለምዶታል፤ ደብተሩን ይዞ አይስብም፣ ይጠብቃል።

ለካሜራው ጠበቃ ልቁምለት፤ ያለ ፎቶ ብር የለም። የአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ሲሰጥ ዓርማው በጉልህ እንዲታይ በውሉ ውስጥ ያስገባል። አሜሪካኖቹም «ከአሜሪካ ሕዝብ» የምትለዋ ጽሑፍ ያልተለጠፈችበት ጆንያ አያውቁም ነበር። ፎቶ ያላቀረበ ፕሮጀክት በሚቀጥለው ዓመት የለም፤ ፕሮጀክቱ ከሌለ ደግሞ የክፍሉ ጣሪያ የለም። ታዋቂ ሰው ካሜራ አስከትሎ መምጣቱም ከንቱ ነው ማለት አይቻልም። ማላላ ዩሳፍዛይ 19ኛ ልደቷን እ.ኤ.አ. በ2016 ኬንያ ዳዳብ ጣቢያ ከሶማሊያውያን ልጃገረዶች ጋር ስታከብር፣ የኬንያ መንግሥት ጣቢያውን እዘጋለሁ ባለበት ወቅት ነበርና ዓለም ለአንድ ቀን ቢሆን ወደዚያ ዞሯል። ፈረንጆቹ ራሳቸውም ያፍራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የኖርዌይ ተማሪዎች የእርዳታ ማኅበር አፍሪካውያን በብርድ ለሚንቀጠቀጡት ኖርዌያውያን ማሞቂያ ሲያዋጡ የሚያሳይ የፌዝ ቪዲዮ ሠርቶ አስቋቸዋል። ስቀው ሲያበቁ ግን የሩብ ዓመቱ ሪፖርት መድረሱ አልቀረም።

የማይታለፈው አደጋው ነው። «ለደኅንነቷ ሲባል ስሟ ተቀይሯል» ይላል ጽሑፉ። ከበላዩ የልጅቱ ፊት፣ ሙሉ፣ በከፍተኛ ጥራት፣ የግንባሯ ጠባሳ ሳይቀር ይታያል። ከጽሑፉ በታች የጣቢያው ስም፣ የትምህርት ቤቱ ስም፣ የክፍሏ ደረጃ። የተደበቀው ስሟ ብቻ ነው፤ እሱንም የሚያውቋት ሰዎች ያውቁታል። ከጥሎሽ ከብት ሸሽታ የመጣች ልጅ ከሆነች፣ ከብቱን የነዳው ሰውዬ ዛሬ ጁባ ሆኖ ፌስቡክ ያያል። ለጋሹ ምስሏን አንድ ጊዜ አይቶ ያልፈዋል፤ ሰውዬው ግን ያስቀምጠዋል።

ከፎቶው ሌላ የፕሮጀክቱ ታፔላም አለ፤ የእሱ ነገር ደግሞ የተለየ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ እ.ኤ.አ. በ2025 ሲዘጋ በየቦታው ፕሮጀክት ተቋረጠ፣ ሠራተኛ ተሰናበተ። ታፔላውን ግን ያሰናበተው የለም። ከመንገዱ ዳር ቆሞ ስለተደረገው እርዳታ ለአላፊ አግዳሚው መመስከሩን ቀጥሏል፤ እሱ ኢንሴንቲቭ አይጠይቅም።

አሁን ወደዚያው ቀን፣ ወደ ማብቂያው። ቡድኑ ትራይፖዱን እያጣጠፈ ነው። ሺህ ምናምን ፎቶ ተነስቷል። «ፎቶውን እንልክላችኋለን» ተብሏል፤ ልጆቹም እንደ ልማዳቸው አንገታቸውን ነቅንቀዋል። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ራቅ ብሎ ቆሞ ሲያመነታ ቆይቶ ወደ ካሜራማኑ ጠጋ አለ።

«ወንድሜ፣ ካሜራው ከወጣ አይቀር፣ ለስምንተኛ ክፍሎች ጉርድ ፎቶ ብታነሳልን? የፈተና ምዝገባ ሊዘጋ ነው። ፎቶ ቤት የሚከፍሉት የላቸውም።»

የቡድኑ የኮሙኒኬሽን ኦፊሰር የሚነሱትን ፎቶዎች ዝርዝር አገላበጠች፤ ጉርድ ፎቶ የሚል የለም። ካሜራማኑ ግን ደግ ሰው ነው፤ «ምን ችግር አለው፣ አሥር ደቂቃ ነው» አለ። ወንዶቹም ተጠርተው መጡ፤ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ «ውጡ» ያላቸው የለም። የቀረው ነጭ ግድግዳ ማግኘት ብቻ ነበር።

የቢሮው ግድግዳ ላይ የሦስት ድርጅቶች ዓርማ አለ። የቤተ መጻሕፍቱ ላይ የለገሰው ሕዝብ ስም በትልቁ ተጽፏል። ክፍሎቹ በየመልካቸው መፈክር አላቸው። መጸዳጃ ቤቱ፣ እሱ እንኳ፣ በሩ ላይ እጅ የምትታጠብ ልጅና ከሥሯ ባንዲራ አለው። ግቢው ዞረው ዞረው ማንም ያልለገሰው ግድግዳ አጡ። በመጨረሻ ከመምህራኑ አንዱ ቤቱ ሮጦ አንሶላ አመጣ። ሲዘረጋ መሃሉ ላይ ዓርማ። ገለበጡትና በግልባጩ ምስማር ላይ ሰቀሉት፤ ልጆቹ ተሰለፉ፤ የመጀመሪያዋ ልጅ ቆመች።

«አንድ ደቂቃ» አለች ኦፊሰሯ፣ ስልኳን እያወጣች። «መጀመሪያ በዚያኛው በኩል ዞሮ አንድ ብናነሳስ?»